ያልተላጠው ወረቀት

ሰኔ 9 ቀን 1975 ዓ.ም. ማለዳ፣ የቤት ቁጥር 118 ይህን ይመስል ነበር። ክፍል ሁለት፣ ነዋሪ ሁለት፣ አልጋ አንድ። ግድግዳው በማሽላ አገዳ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ጣሪያው ሣር ነው። በፊተኛው ክፍል ሁለት የመቀመጫ ዱካ፣ አንድ የእንጨት ሳጥንና ከሱዳን የመጣ፣ አንገሬብ የሚሉት የገመድ አልጋ አለ፤ የማሽላ ጆንያ እንጂ ሰው ስለማይተኛበት በወባ ርጭት ካርዱ ላይ እንደ አልጋ አልተቆጠረም። በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አርባ ስድስት ገጽ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ተለጥፏል። የቤቱ እመቤት ጸዳለ ኅዳር ላይ በገዛ እጇ የለጠፈችው ነው፤ ጽሑፉ ሁሉ ቀጥ ብሎ እንዲነበብ አንዱንም አልዘቀዘቀችም። በአልጋው ራስጌ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ስለ ጥጥ ምርት የሚያወራ ገጽ አለ። ከአርባ ስድስቱ ይህ ብቻ በታችኛው ጠርዙ አልተጣበቀም። ከበስተጀርባው፣ ጭቃው ተፍቆ በተበጀ ስርጉድ ውስጥ፣ ሠላሳ ሁለት ገጽ ያለው የውጭ አገር መጽሔት ተቀምጧል። በየገጹ ላይ እርቃናቸውን የሆኑ ሴቶች አሉ። የጸዳለ ባል ማሩ ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም ብሎ ያምን ነበር።

ማሩ በመተማ ዮሐንስ የወባ ቢሮ የርጭት ቡድን መሪ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። ከኮኪት እስከ ድንበሩ ወንዝ ድረስ ማን ከማን ጋር፣ በስንት አልጋ፣ በምን ዓይነት ግድግዳ ውስጥ እንደሚኖር በቃሉ ያውቃል። ሰዉ የመድኃኒቱ ነጭ እድፍ ደስ ስለማይለው፣ ርጭቱ ካለፈ ወር ሳይሞላው ግድግዳውን በጋዜጣ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ማሩ በየደጃፉ የሚናገረው አንድ ንግግር አለው፤ ሴቶቹ ለምደውት ከእሱ ቀድመው ይጨርሱታል። «ወረቀት ላይ የተረጨ መድኃኒት የሚጠብቀው ወረቀቱን ነው፤ ቤቱን አይደለም። ልጡት።»

መጽሔቱ የተገኘው ባለፈው ጥቅምት፣ ከጉምሩክ ኬላው አጠገብ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር የተከራየው ክፍል ሲረጭ ነው። ሾፌሩ ገዳሪፍ ሄዶ ነበር። ረጪው ዋሴ ወረቀቱን ሲልጥ መጽሔቱ ከግድግዳው ሾልኮ ወደቀ። ዋሴ ሁለት ገጽ ገልጦ አፏጨ። ማሩ ከእጁ ነጠቀውና «ይኼ የአድኃሪ ባህል ነው፤ ቢሮ ወስጄ አቃጥለዋለሁ» አለ። ሲናገር ከልቡ ነበር። ቢሮ ሲደርስ ግን ክብሪት ከዘበኛው መለመን ነበረበት፤ ምን ልታቃጥል ነው ተብሎ እንዳይጠየቅ ፈራና ቤቱ ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ማሩ በቅደም ተከተል ሊናገረው ይችላል፤ ሥራው ቅደም ተከተል ነውና። በመጀመሪያው ወር ከመጽሔቱ ተነሥቶ ወደ ሚስቱ ሲሄድ እንደ ሙሽራ ነበር፤ እሷም ደስ ብሏት ነበር። በሁለተኛው ወር ፋኖሱ እንዳይጠፋ ፈለገ። በሦስተኛው ወር በገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ያለችው ሴት የሆነችውን እንድትሆንለት ጠየቃት። ጸዳለ ዓይኗን ጨፍና እሺ አለችው። መጨፈኗ አናደደው፤ የሥዕሏ ሴት አትጨፍንም። በአምስተኛው ወር ሚስቱ የዘገየች፣ የከበደች፣ ያረጀች መስላ ትታየው ጀመር። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ የነካት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ለራሱ የሚሰጠው ምክንያት እሷ ስለቀዘቀዘች መጽሔቱን እንደያዘ ነበር፤ ነገር ግን ቀኖቹ አልገጥም አሉት። መጽሔቱ የመጣው በጥቅምት ነው፤ ጸዳለ ዝም ማለት የጀመረችው በጥር ነው። ትኩሳት ከትንኝ ንክሻ ቀድሞ አይመጣም። ይህን ለሰው ሲያስተምር ነው የኖረው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከሥራ ሲመለስ ጸዳለ በአጥሩ ሥር ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ታንጉ ጋር ስታወራ ሰማ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «እትየ ታንጉ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ገላዬ ይሸታል እንዴ?» አለች። ወይዘሮ ታንጉ ምን እንደመለሱላት አልሰማም። ወደ ቤት ሳይገባ ዞሮ እስከ ኬላው ሄደ፤ ተመልሶ ሲገባም «አይሸትም» አላላትም። ይህን ለማለት መስማቱን ማመን ነበረበት፤ መስማቱን ካመነ ደግሞ ምክንያቱን። ያን ቀን መጽሔቱን ከቤት ሊያወጣው ወሰነ። በፕሮግራሙ የእሱ ሰፈር የሚረጨው ከሚካኤል በኋላ፣ ማክሰኞ ሰኔ 14 ነው። ሰኞ ያወጣዋል። እስከ ሰኞ ግን ባለበት ይቆይ አለ።

ሐሙስ ሰኔ 9 ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የቢሮው ተቆጣጣሪ ገብረማርያም ረጪዎቹን ሰብስቦ ወረቀት አነበበ።

«በወንዙ ዳር ሰፈር ሦስት ሰው ደሙ ታይቶ ወባ ተገኝቶበታል። ፕሮግራሙ ተለውጧል። ዛሬ የምትረጩት ከ100 እስከ 120 ነው። የቀበሌው ጥሩምባ ትናንት አመሻሹ ላይ ተነፍቷል፤ ሰዉ ዕቃውን ያወጣል።»

ማሩ ትናንት አመሻሹ ላይ በመጋዘን ውስጥ የመድኃኒት ፓኮ ሲደረድር ነበር። ዛሬ ጧት ከቤት ሲወጣ ጸዳለ ዱካዎቹን ወደ ደጅ ስታወጣ አይቷታል፤ ለሚካኤል ቤት የምታጸዳ መስሎት አልፏት ሄደ። ጥሩምባውን ሰምታ ነበር ማለት ነው። አልነገረችውም።

«ከ120 ጀምረን ወደ ታች ብንወርድስ?» አለ።

«ለምን?»

«ለነፋሱ…»

«የቱ ነፋስ? ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ካርዱ በቁጥሩ ተራ ነው የሚሞላው። ይህን ሥርዓት ያመጣኸው ራስህ አይደለህ እንዴ?»

እውነቱን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በጽሑፍ ያቀረበው ራሱ ነበር። ማሩ በልቡ አሰበ፤ ሁለት ረጪ፣ ሃያ አንድ ቤት፣ 118 አሥራ ዘጠነኛው። አንዱ ቤት ዕቃው ወጥቶ ወረቀቱ ተልጦ ካገኙት ሁለቱ ጎን ለጎን ረጭተው በሃያ ደቂቃ ይጨርሱታል። አንድ ሰዓት ላይ ከጀመሩ ሰባት ሰዓት ላይ ከቤቱ ደጃፍ ይደርሳሉ። ጸዳለ ግን ወረቀቱን ለመላጥ ሰባት ሰዓት አትጠብቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ንግግሩን ሰምታለች።

በ100 ደጃፍ ላይ የመጀመሪያውን ፓኮ በአሥር ሊትር ውኃ በጠበጠና ዋሴን ፓምፑን አሸከመው። «ካርድ ረስቻለሁ፤ ቤት ደርሼ ልምጣ» አለ።

ዋሴ ዞሮ አየው። «ካርዱ በብብትህ ነው፣ ጓድ መሪ።»

ማሩ ወደ ብብቱ አየ። ካርዱ በብብቱ ነበር።

«ሙቀቱ ነው» አለ ሁለተኛው ረጪ ቸሩ። ቸሩ ከሳንጃ የመጣ፣ ሃምሳ ያለፈው፣ በወታደርነት የቆየ ሰው ነው። የሚናገረው ሲፈልግ ብቻ ነው። ማሩ ቢሄድ ይችል ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱን የሚበጠብጥ መሪው ነው። መጠኑ ቢሳሳት ሦስት ሰው የታመመበት ሰፈር መድኃኒት ሳይሆን ኖራ ተቀባ ማለት ነው። ቆየ። የየቤቱን ሰዎች ዕቃ አይቶ፣ ውኃቸው መከደኑን አይቶ፣ ወረቀቱ መላጡን አይቶ ወደ ሚቀጥለው አለፈ።

በ103 ወይዘሮ ሀብትነሽ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ምንም ዕቃ አላወጡም።

«አላስገባም» አሉ። «ባለፈው ረጫችሁ፤ ትንኙ አልሞተም። ትኋኑን ግን ቀሰቀሳችሁብኝ። በሰላም የተኛ ትኋን!»

«እማማ፣ መድኃኒቱ እኮ ለትንኝ ነው።»

«እንግዲያው ለትንኟ ስጣት። እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ?»

ማሩ በሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብሎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ስለ ልጃቸው ጠይቆ ያስማማቸው ነበር። ዛሬ ፀሐዩን አየና ጮኸ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ስም ጠርቶ፣ ቅጣት አለው ብሎ፣ ጣቱን ቀሰረ። ወይዘሮ ሀብትነሽ አልደነገጡም። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? ቁጣ አታውቅም ነበር እኮ። ሚስትህ ደህና ናት?»

ዋሴና ቸሩ ተያዩ። ማሩ ካርዱን ገለጠ፣ ከደነ፣ እንደገና ገለጠ። ወይዘሮ ሀብትነሽን በመጨረሻ ያግባባቸው ቸሩ ነው፤ ማሰሮውንና ቁርበቱን አንድ በአንድ ተሸክሞ አወጣላቸው። እዚያ ቤት አርባ ደቂቃ ጠፋ።

በ105 ባልና ሚስቱ ወረቀታቸውን ስላልላጡ ዋሴ በጩቤው ጫፍ ይልጥ ጀመር። «እዚህ ደግሞ ምን ይወድቅልን ይሆን?» አለ እየሳቀ። «ያችን የሾፌሩን መጽሔት በከንቱ አቃጠልሃት፣ ጓድ መሪ። እኔ ላጤ ነኝ። ለእኔ ብትሰጠኝ ትምህርት ነበረች።»

«ምን ትማርባታለህ?» አለ ቸሩ ፓምፑን እየሞላ። «የወረቀት ሴት አትታመም፣ አታኮርፍ፣ ውኃ ጎደለ አትልህ። እሷን የለመደ ሰው ቤት ያለችው ስታስል እንኳ ያማርረዋል።»

«አያ ቸሩ፣ እርስዎ ከየት አወቁት?»

«ከጦር ሰፈር። መቶ ሃያ ወንድ፣ አንድ ሥዕል። ፈቃድ አግኝቼ አገሬ ስገባ ሚስቴ ጎን ተኝቼ ሥዕሏ ናፈቀችኝ። ሚስቴ በጥፊ አለችኝ።»

«ነግረዋት ነው?»

«ምን መንገር ያስፈልጋል? ታውቃለች።»

ዋሴ ሳቀ። ማሩ አልሳቀም። ታውቃለች የሚለው ቃል በጆሮው ውስጥ ቀረ፤ የሚቀጥለውን ፓኮ ሲቀድ ዱቄቱ ጫማው ላይ ፈሰሰ። የፈሰሰውን ገምቶ ከሌላ ፓኮ ሞላ። ገምቶ ሲበጠብጥ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው።

የ107 ቁጥር ቤት ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ የራሱን ግቢ ማየት ይቻላል። አልጋው ወጥቷል። ፍራሹ በአጥሩ ላይ ተሰጥቷል። የእንጨት ሳጥኑ በደጃፉ ላይ ነው፤ በገመድ ታስሯል። ጸዳለ ስትወጣና ስትገባ ትታያለች፤ በእያንዳንዱ መውጣት እጇ ላይ ነጭ ነገር አለ። ወረቀቱን እየላጠች ነው። ማሩ የሳጥኑን መታሰር ደጋግሞ አየ። ለርጭት የወጣ ዕቃና ለጉዞ የወጣ ዕቃ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ነው። የጸዳለ እህት አሰበች ጎንደር ትኖራለች፤ የጎንደር መኪና ከኬላው የሚነሣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እሱ ሰባት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ አሁን ግን በወይዘሮ ሀብትነሽ አርባ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። አንዴ ወደ ቁልቁለቱ ተራመደ። «ጓድ መሪ፣ ፓምፑ ተደፍኗል!» አለ ዋሴ ከቤቱ ውስጥ። ተመለሰ። አፈሙዙን ፈትቶ፣ በሽቦ ጠርጎ፣ አጥብቆ ሰጠው። ዋሴ ሳይቸኩል በደንቡ መሠረት አፈሙዙን ከግድግዳው አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር አርቆ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይረጭ ጀመር። ይህን ያስተማረው ማሩ ነው። ፍጠን ሊለው አፉን ከፈተና ዘጋው።

በ110 ለአረም የመጡ የጎጃም ሠራተኞች ይኖራሉ። አሥራ አራት ሰው፣ አንድ ክፍል፤ አልጋ የለም፤ በየማዕዘኑ የተጠቀለለ ሰሌን ብቻ። ግድግዳው ባዶ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ግን ከሳሙና ካርቶን የተቀደደ፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ሥዕል በእሾህ ተሰክቷል። ማሩ ሊነቅላት እጁን ሲዘረጋ ከጥግ አንድ ሰው ተነሣ።

«ጌታው፣ እሷን እንኳ ተውልኝ» አለው በጎጃምኛው። «ለመንካት እንኳ እሳሳላታለሁ።»

«ሚስት የለህም?»

«አለችኝ እንጂ! ሻሹን እያየሁ ነው እኮ። መልኩ እንዳይጠፋብኝ ነው። መስከረም ላይ ስገባ ይኼንን ዓይነት ልገዛላት ነው። ሻሹን ሳየው እሷ ትታየኛለች።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። ሰውየው አላፈረም። እሾሁን ራሱ ነቀለ፣ ሥዕሉን በደረት ኪሱ ከተተና ለርጭት ወጣ። ማሩ በካርዱ ላይ 110 ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ በቁጥሩ ፊት ምን እንደሚጻፍ ለጊዜው ጠፋው። ሳሙና ካርቶን ላይ ያለችው ሴት ሚስቱን የምታስታውሰው ሰው አለ። እሱ ሚስቱን ሲያይ የምትታየው ገጽ አሥራ ዘጠኝ ናት።

የ117 ቤት የወይዘሮ ታንጉ ነው። ሰዓቱ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። ወይዘሮ ታንጉ ዕቃቸውን አውጥተው፣ ወረቀታቸውን ልጠው፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ማሩ ከእሳቸው አጥር በላይ የራሱን ደጅ ለማየት ተንጠራራ። የሣሩ ጣሪያ ብቻ ታየው።

«ምን ትንጠራራለህ? ቤትህ አትጠፋም» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ እስቲ። ልጅቱ ከስታብሃለች። እኔ የማውቀውን አደረግሁላት። ስድስት ቀን የወይባ እንጨት ጭስ አሞቅኋት። ትከሻዋ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ እንኳ በቅቤ አሽቼ አለዘብሁት። ገላዋ እንዴት እንደጠራ አላየህም?»

«አይቻለሁ» አለ።

«አይተህ ምን አልሃት?»

ማሩ ፓምፑን አነሣ፣ ሳያስፈልገው ግፊቱን ለካ፣ አስቀመጠው። ወይዘሮ ታንጉ ወደ ዶሮዎቻቸው ዞሩ። ማሩ ጠባሳውን ለማስታወስ ሞከረ። የፈላ ዘይት ነው፤ በልጅነቷ ነው፤ ባገባት ሰሞን እየዳሰሰ ታሪኩን ሦስት ጊዜ አስነግሯታል። ታሪኩን አስታወሰ። ትከሻው ግን የትኛው እንደሆነ አልመጣለትም። ዓይኑን ጨፈነ፤ የመጣለት የሌላ ሴት ትከሻ ነበር፤ ምንም ጠባሳ የሌለው።

በ118 ግቢ ዕቃው ሁሉ በደንቡ መሠረት ተደርድሯል። እህሉ በሸራ ተሸፍኗል፤ እንስራው ተከድኗል። የተላጠው ወረቀት እንዳይበተን ድንጋይ ተጭኖበታል። በሩ ላይ ጸዳለ ቆማለች፤ ነጠላዋን ሁለቱን ትከሻዎቿን ሸፍና ለብሳለች። አልሄደችም። የተላጠው ክምር ጠርዙ ይታያል፤ ማሩ እንደ ልማዱ ቆጠረው። አርባ አምስት ነው። እንደገና ቆጠረ።

«ዋሴ፣ አያ ቸሩ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች ጸዳለ። «ጥላው ሥር የሚጠጣ ከርከዴ አለላችሁ። መጀመሪያ መሪው ቤቱን ይመርምር። ደንቡ እንዲያ አይደል?»

«ደንቡን ከባለቤቱ ይበልጥ ታውቂዋለሽ!» አለ ዋሴ ወደ ጥላው እየሄደ።

ማሩ ገባ፤ እሷም ተከትላው ገባች። መኝታ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ሰፍቷል። በጭቃው ላይ የጥቅምቱ መድኃኒት ነጭ እድፍ እንዳለ አለ። ከአርባ ስድስቱ አንድ ወረቀት ብቻ በራስጌው በኩል ቀርቷል፤ የጥጥ ምርት ከዕቅድ በላይ ሆነ የሚለው። ርዕሱ በሁለት ጣት ያህል ወደ ቀኝ ዘሟል። ማሩ ይህን መዝመም ዛሬ ገና አየው።

«ይችን አልላጥሻትም» አለ።

«ይችን አንተ ላጣት።»

ከውጭ የዋሴ ሳቅ ይሰማል። ማሩ የወረቀቱን የላይ ጠርዝ በጥፍሩ ያዘና ሳበ። ሙጫው ደርቆ ነበርና በአንድ ጊዜ ተላጠ። መጽሔቱ ከስርጉዱ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ በደረቱ ወደቀ። ሁለቱም አላነሡትም።

«መቼ አወቅሽ?»

«በጥር። መሠረተ ትምህርት የተማርሁት በከንቱ መሰለህ? የለጠፍሁትን ሁሉ አነበዋለሁ። ይችን ቀጥ አድርጌ ነበር የለጠፍኋት። በጥር ዘማ አገኘኋት። ምን አዘመማት ብዬ ሳነሣት አየሁት።»

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

ጸዳለ በባዶው ግድግዳ ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ ነጩ ዱቄት በእጇ ላይ ቀረ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ግድግዳዬን ወረቀት ልለጥፍ ስልህ፣ የወባ መሪ ሚስት ብትለጥፍ ሰው ምን ይለኛል እያልህ ከለከልኸኝ። ኅዳር ላይ ሳልጠይቅህ ለጥፊው አልኸኝ። ሮጬ ለእትየ ታንጉ ነገርኋቸው። እንዴት እንደተደሰትሁ አንተ አላየህም። ለእኔ ብሎ ነው አልኋቸው።»

ማሩ ሊል የሚችለው ሁሉ በየደጃፉ የተናገረው ነበር። «እትየ ታንጉን የጠየቅሻቸውን ሰምቻለሁ» አለ። «ስለ ገላሽ።»

«ሰምተህ?»

«ሰምቼ።»

«ሰምተህ ዝም።» አንዴ ራሷን ነቀነቀች። «ከዚህ በፊት ገላዬን ጠርጥሬው አላውቅም። እነዚህን ሴቶች ካየሁ ወዲህ ነው። አንተ አይተሃቸው እኔን ጠላኸኝ፤ እኔም አይቻቸው ራሴን ጠላሁ።» በእግሯ ጣት መጽሔቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ስንት ገጽ ነው?»

«ሠላሳ ሁለት» አለ። ፈጥኖ እንደመለሰ የገባው ከመለሰ በኋላ ነው።

«የእኔ ጠባሳ በየትኛው ትከሻዬ ነው?»

ኬላው በኩል የጎንደሩ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ማሩ ላብ በዓይኑ ገባበት፤ አልጠረገውም። የአራት መቶ ቤት በርና ግድግዳ በቃሉ ያውቃል።

«በግራ» አለ።

ጸዳለ ልክ ነህ አላለችውም፤ ተሳስተሃልም አላለችውም። ነጠላዋን በቀኝ ትከሻዋ ላይ ሳብ አድርጋ አጥብቃ ያዘችና ወጣች።

ከግቢው ጥግ ለፓምፕ እጥበት የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ማሩ መጽሔቱን በጥጡ ወረቀት ጠቅልሎ እዚያ ጣለው፤ የተረፈውን የመድኃኒት እጣቢም አፈሰሰበት። ወረቀቱ እየራሰ ሲገለጥ የቀለም ሥዕል ጥግ ወጣ። ዋሴ ሊያግዘው መጥቶ ወደ ጉድጓዱ አየ። አፉ ለቀልድ ተዘጋጅቶ ነበር። ማሩን አየ፣ በሩ ላይ የቆመችውን ጸዳለን አየ። አካፋውን አነሣና አፈር መለሰበት።

መኝታ ክፍሉን ማሩ ራሱ ረጨው። ስርጉዱን በጭቃ ደፈነና ጨርሶ ወጣ። ግድግዳው እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ሁሉም ጥላው ሥር ተቀመጡ። የጎንደሩ መኪና በዋናው መንገድ አቧራውን እያስነሣ አለፈ። ማሩ ጸዳለን አየ፤ እሷ መኪናውን አላየችውም፤ የሳጥኑን ገመድ ትፈታ ነበር። ዕቃው ሲመለስ እሷ የማሽላውን ጆንያ ከአንገሬቡ ላይ አወረደችና አልጋውን በአንድ ጎኑ ያዘችው። ቸሩ በሌላው ጎኑ ያዘላት።

«የት ላድርገው፣ ልጄ?»

«መኝታ ክፍል። ከአልጋው ማዶ፣ ከመስኮቱ ሥር።»

ቸሩ ምክንያቱን ሳይጠይቅ አስገባው። ማሩ የራሱን ቤት ካርድ መሙላት ስለማይገባው እርሳሱን ለዋሴ ሰጠው። ዋሴ ነዋሪ በሚለው ላይ ሁለት ብሎ ጻፈና በሚቀጥለው መስመር ላይ እርሳሱ ቆመ።

«አልጋ… ስንት ልበል?»

«ሁለት በል» አለች ጸዳለ።

ሁለት ብሎ ጻፈ። ወደ 119 ሄዱ።

የሚቀጥለው ርጭት በጥቅምት 1976 ነበር። የ118ን ካርድ ቸሩ ሞላው፤ ክፍል ሁለት፣ ነዋሪ ሁለት፣ አልጋ ሁለት፣ በግድግዳ ላይ ወረቀት የለም። በአልጋዎቹ መካከል ስላለው ርቀት ካርዱ ላይ ቦታ የለም። ማሩ ግን ዕቃው ከመውጣቱ በፊት በርጭት መለኪያው ለክቶታል። አንገሬቡን አንድም ቀን ከቦታው አንቀሳቅሶት አያውቅም፤ የሚተኛበት እሱ ቢሆንም ጠዋት እያጸዳች የምታነሣውና የምታስቀምጠው ጸዳለ ናት። በእበት በተለቀለቀው ወለል ላይ የአንገሬቡ እግሮች ምልክት፣ ወደ አልጋው እየቀረበ በአራት ተከታታይ ረድፍ ይታያል። ርቀቱ በሰኔ ሦስት ሜትር ከሃያ ነበር። በጥቅምት አንድ ሜትር ከአሥር ሆኗል።